አውጉስት አይክሆርን፤ የእምቢተኞች ልጆች መምህር

በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ሰፈር እምቢተኛ ልጅ አይታጣም። ሲጠሩት አይመጣም፤ ሲያዙት አይሰማም፤ ሲገሥጹት ያፈጣል፤ ሲመቱት ይብስበታል። ወላጅ ተስፋ ይቈርጥበታል፤ አስተማሪ ከክፍል ያስወጣዋል፤ ጎረቤት የራሱን ልጆች ከእርሱ ይከለክላል፤ በመጨረሻም ከዳኛ ፊት ይቀርባል። ይህን ልጅ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። መልሱም ለብዙ ዘመን አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ዱላ ነው። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብለት ሰው፣ የቪየናው አውጉስት አይክሆርን፣ ዕድሜውን ሙሉ ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ሲፈልግ የኖረ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አይክሆርን የተወለደው በጁላይ 27 ቀን 1878 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ነው። ቪየና ያን ጊዜ የታላቁ የኦስትሪያና የሀንጋሪ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። እርሱ ግን ያደገው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ካሉት ባለጸጎች ጋር ሳይሆን፣ ከዳቦ ጋጋሪ ቤተ ሰብ ተወልዶ ከሠራተኞችና ከሥራ ለማጆች መካከል ነበረ። የድኻ ልጆችን አነጋገርና ጨዋታ፣ ተንኰላቸውንም ጭምር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ላይ ተማረው። ይህ ዕውቀት ኋላ ከማንኛውም ዲፕሎማ ይልቅ ጠቅሞታል። ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

ስሙ መጀመሪያ የተሰማው በ1907 ዓ.ም. በተነሣ ክርክር ነው። በዚያን ጊዜ ወላጆቻቸው በሥራ የሚውሉባቸው ወንዶች ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡባቸው ቤቶች በወታደር ሥርዓት እንዲመሩ ታስቦ ነበረ። ልጆቹ ተሰልፈው እንዲሄዱ፣ በትእዛዝ እንዲቀመጡ፣ በትእዛዝ እንዲነሡ ነበረ የተፈለገው። ወጣቱ አስተማሪ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በመሰለፍ ብዛት ልጅ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ግን የታረመ አይደለም ባይ ነበረ። ክርክሩን ረታ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የእነዚያው ቤቶች አስተዳደር ለእርሱ ተሰጠው። እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስም በዚሁ ሥራ ቈየ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ክፉ ነበረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ታላቁ መንግሥት ፈረሰ፤ ቪየናም ተራበች። ብዙ አባቶች በጦር ሜዳ ቀርተዋል፤ እናቶች ዳቦ ፍለጋ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ይውላሉ። ልጆች በየመንገዱ ፈሰሱ፤ የሚሰርቀውም፣ የሚደባደበውም፣ ከቤት የሚጠፋውም በዛ። የከተማው አስተዳደር እነዚህን ልጆች የሚሰበስብ ሰው ሲፈልግ አይክሆርን ተገኘ። በ1918 ዓ.ም. ከቪየና ሰሜን ምዕራብ ባለችው ኦበርሆላብሩን በተባለችው ትንሽ ከተማ፣ ቀድሞ የጦርነት ስደተኞች በሰፈሩበት ቦታ፣ በጣውላ ቤቶች ውስጥ የልጆች ማሳደጊያ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን የነበሩት ማረሚያ ቤቶች ግንባቸው ከፍ ያለ፣ ሥርዓታቸውም የቅጣት ነበረ። አይክሆርን ግን ቤቱን የከፈተው ልጅ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ተደስቶ የሚኖርበት እንዲሆን ነው። ልጆቹን እንደ ጠባያቸው በየቡድኑ ከፋፈላቸው። ከሁሉም ቡድን የተጣሉ፣ ማንም አሳዳጊ አልችላቸውም ያላቸው አሥራ ሁለት ልጆች ተረፉ። እነዚህ የሚሳደቡ፣ ወንበር የሚወረውሩ፣ በቢላዋ የሚጋበዙ ነበሩ። አይክሆርን አሥራ ሁለቱን በአንድ ቤት ሰበሰባቸው። የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ሲመረምር አንድ ነገር አገኘ፤ ሁሉም ጠብ ከበዛበት ቤት የመጡ፣ ያለ ርኅራኄ የተደበደቡ፣ ፍቅር የሚባል ነገር ያልቀመሱ ነበሩ። እንግዲህ ዱላ ቢያርም ኖሮ ከእነርሱ ይበልጥ የታረመ ልጅ ባልተገኘ ነበረ።

ስለዚህ ለአሳዳጊዎቹ አንድ እንግዳ የሆነ መመሪያ ሰጠ። ልጆቹ የፈለጉትን ያድርጉ፤ ማንም አይቈጣቸው፣ ማንም አይቅጣቸው፤ አደጋ እንዳይደርስ ብቻ ይጠበቁ አለ። ውጤቱም አስፈሪ ሆነ። ልጆቹ የማይቈጣ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ ቀጥሎም ደካማነት መሰላቸውና ባሰባቸው። መስኮቱ ተሰበረ፤ በሩ በእርግጫ ተገነጠለ፤ የቤቱ ዕቃ ተሰባበረ። አንዱ ልጅ በተዘጋ መስኮት መስተዋቱን ሰብሮ ዘለለ። ገበታው ቀርቶ እየጮኹ ከወለል ላይ ተቀምጠው ይበሉ ጀመር። የውጭ ሰው ሁሉ አሠራሩን ተቃወመ። አሳዳጊዎቹም በድካም ዛሉ። አይክሆርን ግን መመሪያውን አልለወጠም።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ የዳቦ ቢላዋ አንሥቶ በጓደኛው አንገት ላይ አደረገና አርድሃለሁ እያለ ጮኸ። አይክሆርን እዚያው ቆሞ ነበረ። ልጁ የሚጮኸው ጓደኛውን ሊገድል ሳይሆን እርሱን ሊያስደነግጥ እንደ ሆነ ስለ ገባው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ቆመ። ልጁም የሚደነግጥለት ሰው ባጣ ጊዜ ቢላዋውን ከመሬት ወረወረ፤ እግሩን እያማታ አለቀሰ፤ አልቅሶ አልቅሶም ደክሞት እንቅልፍ ወሰደው። በየተራ ሌሎቹም እንዲሁ ሆኑ። ቍጣቸው ከጫፍ ደርሶ በለቅሶ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ጊዜው ሲደርስ አዲስ ዕቃ ወደ ገባበት ንጹሕ ቤት ተዛወሩ፤ የገና በዓልንም በዚያ አከበሩ። ያንን ዕቃ አልሰበሩትም። አሳዳጊዎቻቸውን መውደድ ጀመሩ፤ በትምህርታቸውም ወደ ኋላ የቀሩበትን እየተከታተሉ ደረሱበት።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። አይክሆርን ልጅን ልቅ መልቀቅ መልካም ነው አላለም። ለእነዚያ ልጆች ልል መሆኑ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አልነበረም። እንደ እርሱ አሳብ፣ እምቢተኝነትና ስርቆት በሽታው ራሱ አይደሉም፤ ትኵሳት የሰውነት ሕመም ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ፣ እነርሱም የውስጥ ሕመም ምልክት ናቸው። ምልክቱን በቅጣት ብታጠፋው ሕመሙ ተደብቆ ይቈያል፤ ኋላም በሌላ መንገድ ይወጣል። ሕመሙ ከሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። አንዱ ፍቅር ማጣትና ጭካኔ ነው። ሁለተኛው መጠን ያለፈ ማሞላቀቅ ነው፤ እምቢታ የሚባለውን ነገር ሰምቶ የማያውቅ ልጅም ይበላሻልና። ሐኪሙ ወይም አሳዳጊው መጀመሪያ የልጁን ልብ ማግኘት አለበት። ልጁ ለአባቱና ለእናቱ ሊሰጥ የሚገባውን ፍቅር ወደ አሳዳጊው ሲያዞር፣ ያን ጊዜ አሳዳጊው ጥቂት በጥቂት ይጠይቀዋል፤ ልጁም ለሚወደው ሰው ብሎ ራሱን መግታት ይለምዳል።

ይህን ዘዴውን የሚያሳይ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በስርቆት የታወቀ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ወደ ማሳደጊያው መጣ። አይክሆርን ሆን ብሎ ለጓደኞቹ የትንባሆ መግዣ የሚዋጣውን ገንዘብ እንዲይዝ ሾመው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ጐደለ። አይክሆርን ወጣቱን ወደ ቢሮው ጠርቶ መጻሕፍት አብረን እናራግፍ አለው። እየሠሩ ሲያወጉ፣ ወሬውን ቀስ በቀስ ገንዘብ ስለሚያጐድል ሰው ጭንቀት አደረገው። ወጣቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም አመነ። ቅጣቱን ሲጠብቅ አይክሆርን ከራሱ ኪስ የጐደለውን ገንዘብ አውጥቶ ሰጠው። ወጣቱ ወጥቶ ሄደ፤ ግን ተመልሶ መጥቶ ገንዘቡን ከጠረጴዛው ላይ አኖረና ለእኔ የሚገባኝ እስር ቤት ነው እያለ አለቀሰ። አይክሆርን ታሪኩን ሁሉ አዳምጦ ገንዘቡን እንደ ገና ሰጠው። ወጣቱም ዕዳውን ጥቂት በጥቂት ከፈለ፤ ኋላም በሥራው የሚኖር ሰው ሆነ። ፍርሃቱ ከጫፍ ከደረሰ በኋላ በቅጣት ፈንታ እምነት ሲያገኝ፣ ተዘግቶ የኖረው ልቡ ተከፈተ።

የኦበርሆላብሩን ማሳደጊያ ዕድሜው አጭር ነበረ፤ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው የቈየው። አይክሆርን ግን በዚህ ጊዜ ከሲግመንድ ፍሮይድ ትምህርት ጋር ተዋወቀ፤ በእጁ ሲሠራው የኖረውም ነገር ስም ያለው መሆኑን አወቀ። በ1922 ዓ.ም. የቪየና የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር አባል ሆነ። በ1925 ዓ.ም. የታወቀውን መጽሐፉን አሳተመ። የጀርመንኛው ርእስ በአማርኛ ጠባቂ ያጡ ወጣቶች እንደ ማለት ነው፤ በዚህም ርእስ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አለመሆኑን ከሽፋኑ ጀምሮ ይነግረናል። መቅድሙን የጻፈለት ራሱ ፍሮይድ ነው። የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድም ስለ ልጆች አያያዝ ከእርሱ ብዙ ተምራለች። ከዚያ ወዲያ አይክሆርን በቪየና በየወረዳው ለወላጆችና ለልጆች የምክር አገልግሎት እያቋቋመ ሠራ።

በ1938 ዓ.ም. ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ፈረሰ፤ ፍሮይድ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ከባልደረቦቹም አብዛኞቹ አገር ለቀው ሄዱ። የአይክሆርን ልጅ ግን ተይዞ ዳካው በተባለው የእስረኞች ካምፕ ታስሮ ነበረና አባት ከቪየና አልወጣም። በጦርነቱ ዓመታት ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማስተማሩን ቀጠለ። ይህንንም የሠራው የናዚው ባለሥልጣን የጐሪንግ ዘመድ በሚመራው የበርሊን ተቋም ሥር ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ይህ የሕይወቱ ክፍል ጥላ የሌለበት አይደለም። በ1946 ዓ.ም. የፈረሰው ማኅበር እንደ ገና ሲከፈት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በኦክቶበር 13 ቀን 1949 ዓ.ም. በቪየና በ71 ዓመት ዕድሜው ሞተ።

ከእርሱ በኋላ ትምህርቱ በብዙ አገር ተበተነ። ተማሪው ፍሪትዝ ሬድል በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ለቍጡ ልጆች የሚሆን ቤት ከፈተ። በ1980 ዓ.ም. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከመጠን ያለፈ እምቢተኝነትን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገባው። የዛሬው ሕክምና ከአይክሆርን በብዙ ነገር ይለያል። የዛሬዎቹ ሐኪሞች ልጁን ከቤቱ ከማውጣት ይልቅ ወላጆቹን ያሠለጥናሉ። በጎ ሥራውን አይተህ አመስግነው፤ ትእዛዝህ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ የተናገርኸውን ሳትጮኽ ፈጽም ይላሉ። የአሜሪካው ሊቅ ጄራልድ ፓተርሰን፣ ወላጅ ሲጮኽ ልጅ እየባሰበት፣ ልጅ ሲብስበት ወላጅ እየተሸነፈ፣ ሁለቱ እንዴት አንዱ ሌላውን ጠብ እንደሚያስተምር በየቤቱ ተመልክቶ አስረድቷል። ሁሉን ነገር መፍቀድንም ዛሬ እንደ መድኃኒት የሚያዝዝ ጥቂት ነው። የሆነ ሆኖ በዋናው ነገር ላይ ልዩነት የለም፤ ዱላ እምቢተኛውን ልጅ ይበልጥ ጠበኛ ያደርገዋል እንጂ አይፈውሰውም።

አይክሆርን ሀብት አላከማቸም። ትልቁ ሥራው በዚያች ቢላዋ በተነሣችባት ሰዓት ሳይጮኽ መቆሙ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰበረ መስኮት እያዩ፣ የጎረቤት ሐሜት እየሰሙ፣ ከራስ ቍጣ ጋር እየታገሉ መጠበቅን ይጠይቃል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ አስተማሪዎች፣ ሁላችንም ለማለት ይቻላል ወላጆች እንሆናለን። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከፊታችን ቆሞ እምቢ ሲለን፣ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ይህ ልጅ ምን አጥቶ ነው ብለን እንድንጠይቅ የዚህ ሰው ሕይወት ያስታውሰናል።