የሊቁ የኦይለር ታሪክና ታላቁ ቍጥር

ሌዎንሃርድ ኦይለር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበረና ልጁም እንደ እርሱ ቄስ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ነገር ግን ዮሐንስ ቤርኑሊ የሚባል የታወቀ የሒሳብ መምህር የልጁን አእምሮ አይቶ አባቱን ስለ ለመነው፥ ኦይለር ለሒሳብ ትምህርት ተለቀቀ። በ1727 ወደ መስኮብ አገር ሄዶ በሴንት ፔተርስቡርግ ከሊቃውንት ጉባኤ ገባ።

በዚያ ሳለ ጎልድባኽ የሚባል ወዳጁ ስለ አንድ ታላቅ ቍጥር ጻፈለት። ይኸውም 4,294,967,297 ነው። ቍጥሩ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከ3 ላይ 1 ተቀንሶ የቀረው በራሱ ቢባዛ፥ 1ም ቢጨመርበት 5 ይሆናል። በ5 እንዲሁ ቢደረግ 17፥ በ17 ቢደረግ 257፥ በ257 ቢደረግ 65,537 ይመጣል። እነዚህን አምስት ቍጥሮች ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ትርፍ የሚከፍላቸው የለም። ስድስተኛው ያ ታላቅ ቍጥር ነው። ፌርማ የሚባል የፈረንሳይ ዳኛ በ1640 አምስቱን አይቶ የቀሩትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው ብሎ አመነ። ፌርማ በሒሳብ እጅግ የተከበረ ሰው ነበረና ዘጠና ዓመት ያህል ቃሉን የሚያፈርስ አልተገኘም።

ኦይለር በመጀመሪያ ነገሩን ብዙም ልብ አላለውም። በ1732 ግን ቍጥሩ ለ641 ቢካፈል 6,700,417 እንደሚደርስ፥ አንድም እንደማይተርፍ አስታወቀ። ይህን አባዝቶ መመርመር ማባዛት ለሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ይቻላል፤ ጭንቁ 641ን ማግኘቱ ነው። መንገዱንም ኦይለር ኋላ ገለጠው፤ ያን ቍጥር የሚከፍል ማናቸውም ቍጥር ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፋል። እንዲህ ካሉት፥ ሌላ ቍጥርም ከማይከፍላቸው መካከል፥ በተራ 193፥ 257፥ 449፥ 577 ይገኛሉ፤ አምስተኛው 641 ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቈጠር ሙከራ አላስፈለገም።

በ1738 የኦይለር ቀኝ ዓይን ጠፋ። ከ1741 ጀምሮ 25 ዓመት በበርሊን ሠርቶ ወደ መስኮብ ተመለሰ፤ በዚያም ሁለተኛው ዓይኑ ታመመበት። በ1771 ቤቱ ሲቃጠል ማየት የተሳነውን ሽማግሌ የባዝል ተወላጅ የሆነ ጴጥሮስ ግሪም ከእሳቱ ውስጥ ተሸክሞ አወጣው። በዚያው ዓመት ዓይኑን ሐኪም ቢያክመውም ብርሃኑ አልጸናለትም።

ሥራውን ግን አልተወም። እርሱ በልቡ እያሰላ ይናገራል፥ ልጆቹና ደቀ መዛሙርቱም ይጽፉለት ነበር። በ1772 ስለ 2,147,483,647 አስታወቀ። 2 ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ቢባዛና 1 ቢቀነስ ይህ ቍጥር ይመጣል። ይህንስ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም፤ ከዚያ በፊት ከታወቁት እንዲህ ካሉ ቍጥሮችም ሁሉ ይበልጥ ነበር። የፌርማን ቍጥር የከፈለው ሰው ለዚህ ከፋይ እንደሌለው ያረጋገጠው በጨለማ ተቀምጦ ነው።

በ1783 ሴፕቴምበር 18 ቀን፥ ዕድሜው 76 ዓመት ሲሆን፥ አዲስ ስለ ተገኘው ኮከብ ስለ ኡራኑስ መንገድ ከባልንጀራው ጋራ ሲነጋገር ውሎ፥ በዚያው ዕለት በድንገት ታሞ ሞተ።