አባ ዦርዥ ለሜትርና የመጀመሪያው አቶም

አባ ዦርዥ ለሜትር የተወለዱት በ1894 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቤልጅግ አገር፣ ሻርለርዋ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ነው። የምህንድስና ተማሪ ሳሉ የ1914ቱ ጦርነት ቢነሣ በፈቃዳቸው ዘመቱ። ሲመለሱ ምህንድስናውን ትተው ሒሳብና ፊዚክስ ተማሩ፤ በ1923ም ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በካምብሪጅ የታላቁ የከዋክብት ሊቅ የኤዲንግተን ደቀ መዝሙር ሆኑ።

በ1927 ጽንፈ ዓለም እንደሚሰፋ፣ ጋላክሲዎችም በራቁ መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹ ከአንስታይን ስሌት አውጥተው በአንድ የብራስልስ መጽሔት ጻፉ። አንስታይን በዚያው ዓመት ሲያገኛቸው ሒሳቡን አመስግኖ አሳቡን ግን አልቀበልም አላቸው። ሀብል በቴሌስኮፕ ተመልክቶ ይህንኑ ያሳተመው በ1929 ነው።

ኤዲንግተን ዓለም መጀመሪያ አለው መባሉን አይወድም ነበር። ደቀ መዝሙሩ ግን በ1931 ኔቸር በተባለው መጽሔት በአንዲት አጭር ደብዳቤ ተቃወሙት። የሚሰፋውን ዓለም ወደ ኋላ ብንመልሰው ቁስ ሁሉ ተጠቃልሎ ከአንድ አቶም ይገባል፤ ይህም አቶም እንደ ራዲየም ተሰነጣጥቆ ዓለም ሆነ አሉ። ከመሰንጠቁ በፊት ቦታና ጊዜ ትርጉም የላቸውም። ማንም ያላየው፣ በአሳብ ብቻ የቆመ አቶም ነው! ከኅዋ የሚወርደውንም ጨረር የዚያ ስንጥቅ ፍንጣሪ አድርገው ገመቱት። በዚህ ተሳስተዋል፤ አብዛኛው ከከዋክብት ፍንዳታ እንደሚመነጭ ዛሬ ይታመናል። መጀመሪያውም አንድ ከባድ አቶም ሳይሆን እጅግ የጋለ የቅንጣትና የጨረር ድብልቅ ነበር። መጀመሪያ አለው ማለታቸው ግን ጸና።

ቄስ ስለ ነበሩ ኦሪት ዘፍጥረትን በሒሳብ ሸፍነው አመጡ ብለው የጠረጠሯቸው ብዙ ናቸው። በ1951 ግን ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ አዲሱን ትምህርት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ፣ አባ ለሜትር እጅግ ቅር አላቸው። መላምት ነገ በአንድ ልኬት ሊፈርስ ይችላል፤ እምነትን በእርሱ ላይ መገንባት አይገባም ባይ ነበሩ። ጳጳሱም በ1952 ለከዋክብት ተመራማሪዎች ሲናገሩ ያንን አልደገሙትም። በየክርክሩ ሃይማኖትንና ሳይንስን የምናላትም ተማሪዎች የኚህን ቄስ ጥንቃቄ ብናውቀው ደግ ነበር።

ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1965 ከሰማይ ማዕዘን ሁሉ እኩል የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ጨረር ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ የዚያ የጥንቱ ግለት ትራፊ ነው። አባ ለሜትር ወሬውን የሰሙት በሕመም አልጋ ላይ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው አፍ ነው። ጥቂት ቆይተው ሰኔ 20 ቀን 1966፣ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።