ከመምህርነት እስከ አፍሪካ አዳራሽ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ለልጆቻችን አርአያ ይሆኑ ዘንድ ጋናዊውን ሮበርት ጋርዲነርን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1914 ኩማሲ ተወለዱ። በሴራሊዮን ፉራህ ቤይ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ አስተማሩ፤ ከ1949 እስከ 1953 ደግሞ በናይጄሪያ፣ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከግቢ ውጭ ለጎልማሶች የሚሰጠውን ትምህርት መሩ።

በኋላም በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ሆነው እስከ 1975 ከአሥር ዓመት በላይ አገለገሉ። የአፍሪካ ልማት ባንክ መመሥረቻ ስምምነት በ1963 የተፈረመው በእሳቸው ዘመን ነው። በዚያው ጊዜ ግድም በጦርነት ትታመስ በነበረችው ኮንጎ የድርጅቱን ተልእኮ መርተዋል። በ1994 አረፉ።

እሳቸው በአገራችን እንግዳ ሆነው ለአህጉሩ ሠሩ። እኛም ዛሬ በሰው አገር እንግዶች ነንና፣ ልጆቻችን የተማሩትን ላስጠጋቸው ሕዝብም እንዲያውሉት አደራ እንላለን።