እቴጌ እሌኒ
እቴጌ እሌኒ ከሐድያ የተወለዱ የኢትዮጵያ ንግሥት፣ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት፣ በኋላም በዓፄ ልብነ ድንግል ልጅነት ዘመን አገር ያስተዳደሩ እንደራሴ ነበሩ። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ታላቅ ሕንፃ ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ
አባታቸው የሐድያ ገዥ ገራድ መሐመድ ነበሩ። የዚያን ጊዜዋ ሐድያ ዛሬ በሆሳዕና ዙሪያ ካለው ዞን የሰፋች፣ ለነገሥታቱ የምትገብር እስላማዊ ግዛት ነበረች። እሌኒ ክርስትና ተነሥተው ዘርዓ ያዕቆብን (1434–1468) አገቡ፤ የቀኝ በዓልቲሐት ተብለውም ተሾሙ። ጋብቻው ግን ሰላም አላመጣም። ወንድማቸው ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፤ ንጉሡ አጎታቸውን ባሞን በቦታው ሾሙ፤ ማሂኮም ሲሸሽ ተይዞ ተገደለ። እሌኒ ከዚህ በኋላም በቤተ መንግሥቱ ቆዩ።

ልጅ አልወለዱም። ሆኖም ዓፄ በእደ ማርያም (1468–1478) እናታቸው በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በድብደባ ስለሞቱባቸው እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ሃይማኖትንና የቤተ መንግሥት ሥርዓትን አዋቂ መሆናቸውን ያወድሳል።

በ1508 ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ የመንግሥቱ ሥራ በአብዛኛው በእሳቸው እጅ ገባ። ብዙም ሳይቆዩ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋል ላኩ፤ ሐሳባቸው የፖርቱጋል መርከቦችና የኢትዮጵያ ጦር በቀይ ባሕር እንዲተባበሩ ነበር። ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። መልሱን የያዘው መልእክተኛ ምጽዋ የገባው ግን በ1520 ነው፤ ያኔ ልብነ ድንግል አድጎ በራሱ ይገዛ ነበር፣ እንግዶቹንም እንደ እሌኒ አልፈለጋቸውም።

መርጡለ ማርያም
በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ ሕንፃውንም ያሠሩት በዚያው ነው። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደዘገበው፣ በአገሩ የቀረው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ስለ መንበሩ አሠራር መመሪያ እንዲሰጥ የጠሩት ራሳቸው እሌኒ ነበሩ። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተሞላ። ይህ አጭር ወሬ ብዙ ይናገራል፤ ንግሥቲቱ ገንዘብ ሰጥተው ዞር ያሉ አልነበሩም፣ ባለሙያ መርጠው ሥራውን ይከታተሉ ነበር።

በኢትዮጵያ የግንባታ ታሪክ የሴት ስም የሚገኘው ባብዛኛው እንዲህ በአሠሪነት ነው። ትውፊት የላሊበላን ቤተ አባ ሊባኖስ ለንግሥት መስቀል ክብራ ይሰጣል፤ በጎንደር ቍስቋምን እቴጌ ምንትዋብ አሠሩ። ድንጋይ ያመላለሱና ጭቃ ያቦኩ ሴቶች ቢኖሩም ጸሐፊዎቹ ስማቸውን አልመዘገቡም።

የእሌኒ ሕንፃ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ጠፋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን በዚያው ቦታ ሌላ ሠሩ፤ እሱም ፈረሰ። አበባ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች እስካሁን ይታያሉ፣ የትኛው የእሌኒ ዘመን ሥራ እንደሆነ ግን ሊቃውንት አይስማሙም።

ሞትና መታሰቢያ
እሌኒ በ1520ዎቹ መጀመሪያ በእርጅና ዐረፉ። አልቫሬዝ ሕዝቡ ጠባቂያችን ሄደች ብሎ በጽኑ ማዘኑን ጽፏል። ዛሬ በሆሳዕና ትልቁ ሆስፒታል ከነአባታቸው ስም ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ተብሎ ይጠራል።