የኦፍታልሞስኮፑ ባለቤት ሄልምሆልትዝና የእኔ ዕዳ

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ባለውለታ ጻፍ ሲሉኝ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝን መረጥኩ። እኛን አላስተማረንም፤ ግን ዓይን ክፍል ያለፍን ሁላችን በእሱ እጅ ሥራ ነው ያየነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1821 በጀርመን፣ ፖትስዳም ነው። አባቱ መምህር ነበሩ፤ የቤቱ ኑሮ ጠበብ ያለ። ልቡ ፊዚክስ ላይ ቢሆንም የሚከፍልለት ስላልነበረ፣ በርሊን ሕክምናን በነፃ ተምሮ በምትኩ በጦር ሐኪምነት ሊያገለግል ፈረመ። ኮስት ሼሪንግ የፈረማችሁ ይገባችኋል። ፊዚክሱን ግን አልተወም። በ1847፣ ገና 26 ዓመት ሳይሞላው፣ ኢነርጂ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሥራውን አቀረበ።

በ1850 ኮኒግስበርግ ፊዚዮሎጂ ሲያስተምር፣ ለክፍል ሲዘጋጅ የዓይን ብሌን ለምን ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ አሰላሰለ። ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ያን ለማየት ጭንቅላትህን መንገዱ ላይ ብታስገባ መብራቱን ትጋርዳለህ። እሱ መስታወት አጋደመ፦ የመብራቱን ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል፣ የሚመለሰውንም በዚያው መስታወት አሻግሮ ያሳያል። ካርቶን፣ ሙጫና ሌንስ በቃው። በ1851 አሳተመው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሆላንዳዊው ዶንደርስ በዚህ መሣሪያ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳን ገለጸ።

ዕዳዬ እዚህ ላይ ነው። በተመረቅኩ ሰሞን አንዲት እናት ሲመሽ ማየት የሚቸግራቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ይዘው መጡ። ዳፍንት ነው ብለው ጉበት ሲያበሉ ከርመዋል። የልጆቹን በሽታ አወቅኩት። የእናትየውን ዓይን ሳይ ግን መሐሉ ላይ ወርቅ የተነሰነሰበት የሚመስል ብልጭታ ነበር። የወጣት ሬቲና ያብረቀርቃል ብዬ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት ብዬ ሸኘኋቸው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሴት ልጃቸው ወንድ ልጅ ይዛ መጣች። የልጁ ሕመም የአጎቶቹ፣ የእሷ ብልጭታ የእናቷ።

ያ ነጸብራቅ በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፈው ዓይነት ተሸካሚ ሴቶች ላይ ይታያል፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ሌሊት መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን የእንስሳ ዓይን ስለሚመስል ስሙም ከዚያ ተወሰደ። ሴት ካሏት ሁለት ኤክሶች በየሴሉ አንዱ ዝም ስለሚል ሬቲናዋ ጤነኛና ሕመምተኛ ቦታዎች የተቀላቀሉበት ይሆናል። ከተሸካሚ የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት የመሸከም ዕድላቸው ግማሽ ነው።

ያኔ ባውቀው ልጁን አላድነውም ነበር። ልጅቷ ግን አውቃ ትወልድ ነበር። ይህንኑ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሄልምሆልትዝ በቦንና በሃይደልበርግ አልፎ፣ በ1871 በርሊን የልጅነት ምኞቱን፣ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነትን አገኘ። በ1894 ዓለፈ። መሣሪያውን አሻሽለን አሻሽለን እዚህ ደርሰናል። የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ልጁን አይታችሁ ስትጨርሱ እናቱንም ወንበሩ ላይ አስቀምጧት።