ቶም ምቦያ፦ ማንም ያልተመኘውን ወንበር የተቀበለው ወጣት

ጊዜው 1951 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት የጤና ክፍል ውስጥ ሃያኛ ዓመቱን ያለፈ አንድ ወጣት የወተት ናሙና ይመረምራል። አንዲት አውሮፓዊት ሴት በሩን ከፍታ ገባች፤ ዙሪያዋን ቃኘችና እዚህ ሰው የለም ወይ ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ባዶ አልነበረም፤ ወጣቱ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። ዓይንዋ ታሞ እንደሆነ መልሶ ቢጠይቃት ሴትዮዋ በቁጣ ነደደች። ቶም ምቦያ ይህን ገጠመኝ አልረሳውም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል።

ስድቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። ነገሩ ግን በየወሩ መጨረሻ ላይ በደመወዝ ወረቀት ተጽፎ ይመጣ ነበር። አፍሪካዊው የጤና ተቆጣጣሪ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው አውሮፓዊ ባልደረባው ደመወዝ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይከፈለው ነበር።

ምቦያ የተወለደው ነሐሴ 15 ቀን 1930 ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው በኪሊማ ምቦጎ፣ በአንድ ነጭ ባለርስት የቃጫ እርሻ ላይ ነው። አባቱ ሊዮናርድ ንዲዬጌ በዚያው እርሻ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። የቤተ ሰቡ መሠረት ግን ሩቅ ነው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለችው የሩሲንጋ ደሴት የሉዎዎች አገር ናት። ልጁ ከካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ወደ ካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እየተዘዋወረ ተማረ። ትምህርቱን እንዳይገፋበት ያደረገው የአእምሮ ድክመት ሳይሆን የገንዘብ እጦት ነው። ስለዚህ እያስተማረ አነስተኛ አበል ወደሚከፍለው በካቤቴ ወደሚገኘው የጤና ተቆጣጣሪዎች ማሠልጠኛ ገባ፤ በዚያም የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዝዳንት ሆነ።

በከተማው ምክር ቤት ሲቀጠር የአፍሪካውያን ሠራተኞች ማኅበር የሚባል ነገር ነበር። ማኅበር ይባል እንጂ ጉልበት አልነበረውም። አሠሪው የሚታገሠው ደመወዝን እስካልነካ ድረስ ነበር፤ ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ የመደራደር መብት አልነበረውም። ምቦያ ገና አዲስ ሠራተኛ ሳለ አባል ሆነ፤ በ1952 ደግሞ ፕሬዝዳንትነቱን ተቀበለ።

ይህ ወንበር በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት የኬንያን የሠራተኛ ንቅናቄ የመሠረቱት ማካን ሲንግ ታስረው ወደ በረሃ ተግዘዋል። በዚያው በ1952 ጥቅምት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጆሞ ኬንያታ ሲያዙ ከእርሳቸው ጋር የሠራተኛ ማኅበር መሪዎቹ ፍሬድ ኩባይና ቢልዳድ ካጊያም ተያዙ። ቋሚ ሥራ፣ የተወሰነ ደመወዝና የተከበረ ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ባለው ወቅት ለመሪነት ሲቀርብ ብዙዎቹ ጓደኞቹ ወደ ኋላ ማፈግፈጋቸው አያስደንቅም። ምቦያ ግን ወደ ፊት ሄደ።

መጀመሪያ የያዘው ሥራ አዋጅ ነጋሪ የሚጎሰምለት አልነበረም። ሠራተኛውን በየሥራ ቦታው እየዞሩ ማነጋገር፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ የአባላት መዝገብ ማዘጋጀት፣ ሒሳብ ማስተካከል ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሕግ የሠራተኛ ማኅበር ተመዝግቦ ሒሳቡን እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ አንዲት የጎደለች ደረሰኝ ማኅበሩን ለማዘጋት በቂ ሰበብ ልትሆን ትችል ነበር። ምቦያ ሕጉን ራሱን እንደ መጠለያ ተጠቀመበት። የመዝናኛ ክበብ ይመስል የነበረው ስብስብ በሕግ ተመዝግቦ የመደራደር መብት ያለው የኬንያ የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች ማኅበር ሆነ። የማኅበሩ ስም እንደሚያሳየው በናይሮቢ ብቻ አልተወሰነም፤ የሌሎች ከተሞችንም ሠራተኞች አቀፈ። እርሱም በ1953 የከተማውን ሥራ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለማኅበር ሰጠ። በዚያው ዓመት፣ በ23 ዓመቱ፣ የአገሪቱ የተመዘገቡ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ። ፌዴሬሽኑ ቆይቶ የኬንያ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ተባለ።

ፈተናው ለመምጣት አልዘገየም። ሚያዝያ 24 ቀን 1954 የእንግሊዝ ጦር ናይሮቢን ከብቦ ማው ማውን እመነጥራለሁ በማለት ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመረ። ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኪኩዩዎች፣ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ከእነርሱ መካከል የማኅበራት ሹሞችና መዋጮ ሰብሳቢዎች ነበሩ። የአፍሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት ታግዷልና በሕጋዊ መንገድ የሚናገር የቀረው ፌዴሬሽኑ ብቻ ነበር። ምቦያ ለመንግሥት አቤት አለ፤ ለውጭ የሠራተኛ ድርጅቶች ጻፈ፤ ስለ ታሰሩትና ከቤታቸው ስለ ተፈናቀሉት ጮኸ። እርሱ ኪኩዩ አለመሆኑ ከእስር እንዳዳነው የሚናገሩ አሉ፤ ሳያግዘው አልቀረም። ነገር ግን ያንኑ ከለላ ይዘው ዝም ያሉ ብዙዎች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም።

በመጋቢት 1955 የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከናይሮቢ የሄደው ወጣት ሠራተኞቹን ጉዳያቸው በገለልተኛ ዳኛ እንዲታይ አሳምኖ ወደ ሥራ መለሳቸው፤ እርሱም በዳኛው ፊት ቀርቦ ተከራከረላቸው። ውሳኔው የወደብ ሠራተኛውን ደመወዝ ሲሶ ያህል ከፍ አደረገው። በእኔ ግምት ከኋለኞቹ ታላላቅ መድረኮች ሁሉ ይልቅ ምቦያን ምቦያ ያደረገው ይህ የሞምባሳ ሳምንት ነው። ሠራተኛው ድርድር ዳቦ እንደሚሆን በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በኦክስፎርድ የሠራተኞች ኮሌጅ በራስኪን አንድ ዓመት ተማረ። በ1956 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለናይሮቢ ማኅበራት ሕንፃ ማሠሪያ 35 ሺህ ዶላር እንዲሰጥ አደረገ። በ1957 ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ተመረጠ። በ1958 መጨረሻ፣ በ28 ዓመቱ፣ በአክራ የተካሄደውን የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ። ገንዘብ አጥቶ ትምህርቱን ያቋረጠው ይህ ሰው በ1959 መስከረም ላይ 81 የምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎችን በአንድ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ላከ፤ በተከታዮቹ ዓመታት በመቶ የሚቆጠሩ ተከተሏቸው። በ1960 ከሄዱት አንዷ በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይ ናቸው።

የአሜሪካው ገንዘብ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና ተቀናቃኞቹ፣ በተለይ የኦጊንጋ ኦዲንጋ ወገን፣ ምቦያን የምዕራቡ ዓለም ሰው አድርገው ሳሉት። ከዚህ የበለጠው ጥያቄ ግን ሥልጣን ከያዘ በኋላ የመጣው ነው። በ1962 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆኖ አሠሪዎችንና ማኅበራትን በአንድ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቻርተር ላይ አስፈረመ፤ ትልቅ ሥራ ነበር። በ1965 ግን መንግሥት ተፎካካሪዎቹን ፌዴሬሽኖች፣ የእርሱንም ጭምር፣ አፍርሶ በአንድ ማዕከላዊ ድርጅት ሥር ሲያደርጋቸውና የሥራ ማቆም መብትን ሲያጠብ፣ ምቦያ በሚኒስትሮቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ልማት መቅደም አለበት የሚለው ክርክሩ ከልብ የመነጨ ይመስላል። ያም ሆኖ የቀድሞው የማኅበር ጸሐፊ ያንን ሕግ ከድርድሩ ጠረጴዛ ማዶ ሆኖ ቢያነበው ኖሮ እንደማይፈርምበት እገምታለሁ።

ሐምሌ 5 ቀን 1969፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ የኢኮኖሚ ፕላን ሚኒስትሩ በናይሮቢ ጎዳና ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመታ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። ናሃሾን ንጄንጋ ንጆሮጌ የተባለ ሰው ተፈርዶበት በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ፤ ከበስተ ጀርባው ማን ነበረ የሚለው ግን ኬንያን እስከ ዛሬ ያነጋግራል። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በሉዎዎችና በኪኩዩዎች መካከል የነበረውን ቁስል ይበልጥ አሰፋው።

አስከሬኑ በሩሲንጋ ደሴት ዐርፏል። በናይሮቢ የቀድሞው የቪክቶሪያ ጎዳና በስሙ ይጠራል፤ በ2011 የቆመው ሐውልቱም ከወደቀበት ቦታ አይርቅም። ከአሜሪካ ባመጣው ገንዘብ የተጀመረው የማኅበራት ሕንፃ ደግሞ ዛሬም የኬንያ ሠራተኞች ማዕከላዊ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ነው።