አል-ኸዋሪዝሚ፦ የጋራው ድርሻና የየቤቱ ሀብት

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 አካባቢ ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳዱ በይተል ሒክማ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ላይ ሠርቷል። በ820 አካባቢ የጻፈው ኪታብ ለአልጀብራ ስሙን ሰጠ፤ አልጎሪዝም የሚለው ቃልም የመጣው ከእርሱ ስም ነው። በ850 አካባቢ ወደ አኼራ ሄደ።

የኪታቡ ሰፊ ክፍል ስለ ሚራስ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ያልታወቀውን መጠን ሸይእ፣ ማለትም ነገር፣ ይለው ነበር።

ሟች ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ 1/8 ነው፤ ይህ ለሁሉም ቤት አንድ ነው። ዕዳና ወሲያ ወጥቶ የሚቀረው ሀብት ግን የየቤቱ ነው። በፕሮግራም ድርሻው ስታቲክ፣ ሀብቱ ኢንስታንስ ቫሪያብል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ለክላሱ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን እያንዳንዱ ኦብጀክት ለራሱ ይይዛል።

እኔ በላብ ሀብቱንም ስታቲክ አደረግሁት። መጀመሪያ 80,000 ብር፣ ቀጥሎ ለሌላ ቤተሰብ 400,000 ብር አስገባሁ። ለመጀመሪያዋ ሚስት 10,000 ሊወጣላት ሲገባ 50,000 ወጣ። ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት አላሳየኝም፤ የሰው ሐቅ ግን ተዛብቷል።

ወንድምና እህቶች፣ ኮድ ስንጽፍ የጋራውን ከየራሱ እንለይ። አሏህ ለኸዋሪዝሚ ይዘንለት።